ጥያቄ፦ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ለስኪዞፍሬንያ ሕክምና ይጨመራል? ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ፓች ለእህቴ ልላክላት?

የጠያቂዋ መልእክት በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ታላቅ እህቴ 44 ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ከእናታችን ጋር ትኖራለች። ስኪዞፍሬንያ ከያዛት 16 ዓመት አልፏል። ላለፉት ስድስት ዓመታት ሪስፔሪዶን በቀን 6 ሚሊግራም እየወሰደች ደህና ነበረች፤ ቡና ታፈላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ድምፁ ተመለሰባት፤ ጎረቤት ይሰድበኛል ትላለች፤ ሌሊት አትተኛም። የወር አበባዋም እንደቀረ እናቴ ነገረችኝ። ኢስትሮጅን ስኪዞፍሬንያን ይረዳል የሚል ነገር አንብቤያለሁ። አክስቴ ለማረጥ የታዘዘላት የኢስትሮጅን ፓች አላት፤ ከሷ ወስጄ በሚመጣ ሰው ልላክላት ወይ? ይጠቅማታል ወይስ ይጎዳታል?»

እህቴ፣ ፓቹን አይላኩላት። ያነበቡት ነገር ግን የመንደር ወሬ አይደለም። የወር አበባዋን መቅረትና የሕመሙን መመለስ አያይዘው መጠየቅዎ ደግሞ ብዙ ሐኪሞች ሳያነሱት የሚያልፉትን ነገር ነክቷል። እኔም በጀማሪ ሐኪምነቴ ስንቷን ሴት «መድኃኒትሽን ትውጫለሽ?» ብዬ ጠይቄ፣ «የወር አበባሽስ እንዴት ነው?» ሳልል ሸኝቻለሁ።

ይህ በሽታ ወንድና ሴትን በአንድ ዓይን አያይም። ሴቷን የሚይዛት በአማካይ ከወንዱ ሦስት አራት ዓመት ዘግይቶ ነው። ጀርመን አገር ማንሃይም ውስጥ በሃይንዝ ሄፍነር የሚመራው ቡድን ይህን በጥንቃቄ ሲቆጥር ሌላም ነገር አገኘ፦ ሴቶች ላይ ከ45 እስከ 50 ዓመት ባለው ጊዜ በሽታው እንደገና ከፍ ይላል፤ ወንዶች ላይ ይህ ሁለተኛ ጉብታ የለም። ዕድሜው የማረጫ ዕድሜ ነው። ከዚህ ተነስቶ ነው ኢስትሮጅን ለሴቷ አንጎል ከለላ ይሆናል የሚለው ሐሳብ የጎለበተው። በአይጥ ላይ ሲሞከርም ኢስትሮጅን ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ተቀባዮች ያለዝባል፤ የስኪዞፍሬንያ መድኃኒቶቹ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን የሚዘጓቸውን እነዚያኑ ተቀባዮች ማለት ነው። እኛ አገር ቡታጅራ ላይ 68,378 ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ በተሠራው ጥናትም ከታማሚዎቹ የሚበዙት ወንዶች ሆነው ተገኝተዋል። ያንን ግን ለኢስትሮጅን ብቻ አልሰጠውም፤ ጫትም አለ፣ ጓዳ ውስጥ ተደብቃ የማትቆጠር ሴትም አለች።

አንድ ካላንደር ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት የ26 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ ከነጠላቸው ሥር የግድግዳ ካላንደር ጠቅልለው ይዘዋል። ልጅቷ «ምግቤ ውስጥ መርዝ አለ» ብላ የማትበላባቸውን ቀናት በቀይ እስክሪብቶ ከበዋቸዋል። መስከረም ላይ ክቡ የሚጀምረው ሚካኤል ቀን ስለነበር ነገሩን ከሚካኤል ጋር አያይዘው ስለት ተስለው ነበር። ጥቅምት ላይ ግን 10 ሆነ፤ ኅዳር ላይ 8፤ ጥር ላይ ለበዓታ ተጠግቶ ተገኘ። በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ይቀድማል። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ የልጅቷ ዑደት 28። ክቡ ሁሉ ያረፈው የወር አበባዋ ሊመጣ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር፤ በዚያ ሰሞን ኢስትሮጅን ቁልቁል ይወርዳል። የእኚህ እናት ካላንደር ያየውን ነገር ተመራማሪዎችም አይተውታል፦ በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ፣ በወር አበባ ዋዜማና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሴቶች አእምሮ ሆስፒታል የሚገቡበት መጠን ከሚጠበቀው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል።

ወደ ፓቹ ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው አውስትራሊያ ሜልቦርን የሚሠሩት ሳይካትሪስት ጃያሽሪ ኩልካርኒ ናቸው። በ2008 ባወጡት ጥናት 102 ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ ኢስትራዲዮል የሚባለው የኢስትሮጅን ዓይነት 100 ማይክሮግራም ያለበት ፓች፣ ገሚሶቹ ቁርጥ እሱን የሚመስል ባዶ ፓች ለ28 ቀናት ተለጠፈላቸው። አንዳቸውም የዘወትር መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፤ ይህን ያስምሩበት። እውነተኛው ፓች የደረሳቸው ሴቶች በተለይ ድምፅ መስማታቸውና ጥርጣሬያቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀነሰ። በ2015 ደግሞ መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተው በበቂ ያልተሻላቸው 183 ሴቶች ለስምንት ሳምንት ታዩ፤ ጎልቶ የሠራው 200 ማይክሮግራሙ ነበር።

ኩልካርኒ የራሳቸውን ሐሳብ ራሳቸው ቢያረጋግጡ አይበቃም፤ ሌላ እጅ መድገም አለበት። የእስራኤሉ ማርክ ዋይዘር ሞልዶቫ ውስጥ ደገሙት። ከ19 እስከ 46 ዓመት የሆኑ 200 ሴቶች፣ 200 ማይክሮግራም፣ ስምንት ሳምንት፤ ውጤቱ በ2019 ታተመ። ፓቹ ሠራ። ምን ያህል ሠራ የሚለው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ርዕስ ብቻ አንብቦ የሚሮጥ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የተለካው ድምፅ መስማትን፣ ጥርጣሬንና የመሳሰሉትን በሚመዝኑ ሰባት ጥያቄዎች ነው፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ድምሩ ከ7 እስከ 49 ይሄዳል። በባዶውና በእውነተኛው ፓች መካከል የታየው የአማካይ ልዩነት አንድ ነጥብ እንኳ አልሞላም፤ 0.94 ነው። በስሌት ሲታይ በአጋጣሚ የመጣ ልዩነት አይደለም። ቤት ውስጥ ግን አማካይዋ ሴት ላይ እናት ዓይታ «ልጄ ተለወጠች» የምትልበት ልዩነት አይደለም። እህትዎን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፦ ጥቅሙ በአብዛኛው የታየው ከ38 ዓመት በላይ የሆኑት ላይ ነው።

በ2024 ከፊንላንድ የመጣው ጥናት ለእኔ ከሁሉም ይልቅ ወደ እህትዎ የሚቀርብ ነው። ፓች አከፋፍሎ የተሞከረ ሳይሆን፣ ለማረጥ ብለው ሆርሞን የወሰዱ ከ40 እስከ 62 ዓመት የሆኑ 3,488 ታማሚ ሴቶችን በመዝገብ የተከታተለ ነው። እያንዳንዷን ከራሷ ጋር፣ ሆርሞን የወሰደችበትን ጊዜ ካልወሰደችበት ጋር አወዳደረ። ሆርሞን በወሰዱበት ጊዜ ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ በ16 በመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። 56 ዓመት ካለፉት ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም።

ወንዶችስ? በ2011 በ53 ወንዶች ላይ ለ14 ቀናት ተሞክሯል፤ ከዚያ በላይ መግፋት ጡት ማብቀልና ሌላም ነገር ስለሚያመጣ መንገዱ ብዙ አያስኬድም። ጡትንና ማህፀንን ሳይነካ እንደ ኢስትሮጅን ይሠራል ተብሎ የታሰበው ራሎክሲፊን፣ ያው የአጥንት መሳሳት መድኃኒት፣ በ2016 በ56 ሴቶች ላይ ጥሩ ውጤት አሳየ ተባለ፤ በ2017 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕመማቸው በጠናባቸው 200 ሴቶች ላይ ሲሞከር ባዶውን ክኒን የዋጡት ይበልጥ ተሻላቸው። እኔ አላዝዘውም።

አሁን ወደ እህትዎ። ፓች ይለጠፍ አይለጠፍ ከማለታችን በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ የራሷ ኢስትሮጅን የት ሄደ የሚለው ነው።

እናትዎ የወር አበባዋ ሲቀር «አርጣ ነው» ብለው ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ሪስፔሪዶን ግን፣ በተለይ በ6 ሚሊግራም፣ ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ በማድረግ የታወቀ ነው። ፕሮላክቲን የምታጠባ እናት ወተት እንዲኖራት የሚያደርገው ሆርሞን ነው፤ ስለዚህ ሰውነት አራስ ቤት ያለ መስሎት ኦቫሪዎቹን፣ እንቁላል የሚያወጡትን፣ ያስተኛቸዋል። እንቁላሉ ይቆማል፣ ኢስትሮጅን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይቀራል። ሃሎፔሪዶልና በየወሩ የሚወጋው ሞዲኬትም እንዲሁ ያደርጋሉ። በሌላ አነጋገር፣ ድምፁን የሚያጠፋላት መድኃኒት ራሱ ከለላዋን እየወሰደባት ሊሆን ይችላል። ያንን ሳያዩ ፓች መለጠፍ፣ ቧንቧውን ማን እንደዘጋው ሳይጠይቁ ከጎረቤት በጀሪካን ውሃ መቅዳት ነው።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያስቀር አሁን ለምን?» ይሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማረጥንም የምጠረጥረው ለዚህ ነው። እናትዎን ግን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ በየወሩ ይመጣ ነበር ወይ? ቤተሰብ የሚያስተውለው «ቀረ» የሚለውን ነው፤ «በሦስት ወር አንዴ ብቅ ይል ነበር» የሚለውን ማንም አይናገርም። ደግሞ እህትዎን ለብቻዋ፣ በሴት አንደበት፣ ጡቷ ፈሳሽ ያወጣ እንደሆነ ትጠየቅ። ስንቷ ታካሚ ሸሚዟን ወተት የመሰለ ነገር እያረጠበባት ወራት አፍራ ትቀመጣለች! አንዳንዷ ደግሞ ነገሩን ከሕመሟ ጋር አዋህዳ «በመንፈስ ፀንሻለሁ» ትላለች፤ ሐኪሙ ይህን ሰምቶ የመድኃኒቱን መጠን ይጨምርላታል፤ ፕሮላክቲኑ የባሰ ይወጣል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ምርመራው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፤ «እሷ ደግሞ ከማን?» ተብሎ አይታለፍ፤ የአእምሮ ሕመም ያለባት ሴት ላይ የሚደርሰውን ጥቃት የምናውቅ እናውቃለን። ከዚያ በደም ፕሮላክቲን፣ ኤፍ ኤስ ኤች እና የታይሮይድ ምርመራ። ኤፍ ኤስ ኤች ከአንጎል ሥር ወጥቶ ኦቫሪን «ሥሪ» የሚል ሆርሞን ነው። ካረጠች ኦቫሪ ስለማይሰማ ጩኸቱ ይበረታል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ችግሩ ፕሮላክቲን ከሆነ ግን ኤፍ ኤስ ኤች አይጮህም፤ ፕሮላክቲኑ ራሱ ይናገራል።

ፕሮላክቲኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ የሚያክማት የአእምሮ ሐኪም መንገድ አለው፤ መጠኑን ቀስ አድርጎ መቀነስ፣ ፕሮላክቲንን ብዙም ወደማይነካ መድኃኒት መቀየር፣ ወይም በላዩ ላይ አሪፒፕራዞል የሚባል ሌላ የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት ትንሽ መጨመር። አሪፒፕራዞል ሌሎቹ የሰቀሉትን ፕሮላክቲን ያወርዳል። እህትዎ አሁን ስለታመመች መጠን መቀነሱ ላይ እኔ ብሆን አልቸኩልም፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው መንገድ ይሻላል። የወር አበባዋ ሲመለስ የማርገዝ ዕድሏም አብሮ እንደሚመለስ ቤተሰቡ ይወቅ። ለዚያ ብለው ዲፖ፣ የሦስት ወሩን መርፌ፣ የሚያስወጉ ካሉ፣ ያ መርፌ ኢስትሮጅን የለበትም፤ የራሷንም ዝቅ ያደርጋል። ሌላ መከላከያ ከሐኪም ጋር ይመረጥ።

ፕሮላክቲኑ ደህና ሆኖ ኤፍ ኤስ ኤች ደጋግሞ ከፍ ካለ ደግሞ እህትዎ ከ45 ዓመቷ በፊት አርጣለች ማለት ነው። ይኼኔ ነገሩ ይለወጣል። ቀድማ ያረጠች ሴት፣ ስኪዞፍሬንያ ኖረባትም አልኖረባት፣ የሚከለክላት በሽታ ከሌለ በስተቀር ብዙዎቹ ሴቶች እስከሚያርጡበት እስከ 50 ዓመት ገደማ ሆርሞን እንድትወስድ ይመከራል፤ ለአጥንቷና ለልቧ ሲባል። ስለዚህ ኢስትሮጅኑ በር ሰብሮ ሳይሆን በበሩ ይገባል፦ የማህፀን ሐኪም መርምሮ ያዝዝላታል፣ የአእምሮ ሐኪሟ ያውቀዋል፣ ለአእምሮዋ የሚያደርገው ነገር ካለ እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ይህ ሲሆን ከማንም በፊት ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ።

ታዲያ የአክስትዎን ፓች ለምን ከለከልኩ? ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ብቻውን ስትወስድ የማህፀን ውስጠኛው ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል፤ ሲቆይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ለዚህ ነው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው የሴት ሆርሞን አብሮ የሚታዘዘው፤ እርስዎ ሊልኩ ያሰቡት ፓቹን ብቻ ነው። የደም መርጋትም አለ። በ2002 አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የሴቶች ጤና ጥናት በጊዜው ሳይደርስ የተቋረጠው፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን በክኒን የወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና የደም መርጋት ስለበዛ ነበር። እነዚያ ሴቶች በዕድሜ ከእህትዎ ይበልጡ ነበር፤ በቆዳ የሚገባው ፓችም ለደም መርጋት ከክኒኑ ያነሰ ስጋት አለው። ቢሆንም ጡቷን ማንም ሳይዳስስ፣ እግሯ አብጦ ያውቅ እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ ጉበቷና የደም ግፊቷ ሳይታይ አይጀመርም።

መጠኑም አይገጥምም። ለማረጥ የሚሰጠው ፓች ብዙውን ጊዜ 50 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ጥናቶቹ የተጠቀሙት 100 ወይም 200 ነው። አክስትዎ ሳጥኑን ሁሉ ቢሰጡዎት ለእህትዎ ስንት ሳምንት ይሆናል? ሲያልቅስ? ሆርሞኑ በድንገት መውረዱ ራሱ የምንፈራው ነገር ነው፤ ያ የ28 ቀን ዑደት ካላንደር ያሳየን እሱን አይደል?

ደግሞ ይህን ያስቡት። ጎረቤት ይሰድበኛል ለምትል፣ ሌሊት ለማትተኛ ሴት ከአሜሪካ የመጣ ቀጭን ላስቲክ ሆዷ ላይ ሊለጠፍ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተቀየረ። ምን ብላ እንደምትተረጉመው እገምታለሁ። በደህናው ጊዜ ተነግሯት፣ ገብቷት፣ እሺ ብላ ካልሆነ፣ ሌላውን መድኃኒቷንም አብራ ትጥለዋለች።

የተልባና የአብሽ ነገር አይቀርምና ልመልስ፦ ተልባ ውስጥ ኢስትሮጅንን በጥቂቱ የሚመስል ነገር አለ፤ እውነት ነው። ስኪዞፍሬንያን በዚያ ማከም ግን አይቻልም። ከወደደችው ትጠጣ።

ከሁሉም በፊት መታየት የነበረበትን ወደ መጨረሻ አመጣሁት፤ ይቅርታ። ሪስፔሪዶኑን በእርግጥ ትውጠዋለች ወይ? ባለፈው ዓመት ጠበል ገብታ አቋርጣው አልነበረም? ፋርማሲው ሲያልቅበት ሌላ ተክቶ ሰጥቷት አልነበረም? ካገረሸባቸው ታካሚዎቼ ውስጥ ብዙዎቹን ያገረሸባቸው የሆርሞን ነገር ሳይሆን ከምላስ ሥር የተደበቀ ክኒን ነው። እናትዎ ሳይቆጡ፣ ሳይፈትሿት፣ ፊት ለፊታቸው እንድትውጥ ያድርጉ።

እየዋጠችም ካልተሻላት፣ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክረው ካልሠሩ፣ ቀጣዩ ኢስትሮጅን ሳይሆን ክሎዛፒን የሚባለው መድኃኒት ነው። ከፓቹ ጋር የሚወዳደር ማስረጃ አይደለም ያለው፤ እጅግ ይበልጣል፤ ፕሮላክቲንንም አይሰቅልም። የደም ምርመራ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ ብዙ አፍሪካውያን ላይ፣ እኛንም ጨምሮ፣ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ በተፈጥሮው ዝቅ ይላል፤ በሽታ አይደለም። በዚህ ቁጥር የተነሳ «ክሎዛፒን አይሆናትም» ከተባለ፣ ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች የተለየ ዝቅ ያለ መነሻ ቁጥር እንዳለ ለሐኪሙ በትህትና ያንሱለት። ክሎዛፒን ከጀመረች በኋላ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን ቢጨመር ደግሞ ጉበት ክሎዛፒኑን የሚያጣራበትን ፍጥነት ስለሚቀንሰው በደሟ ውስጥ ይከማቻል፤ እንቅልፍና ለሃጭ ሲበዛባት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሆርሞን የሚያዘውና የአእምሮ ሐኪሙ መነጋገር አለባቸው የምለው ለዚህ ነው።

ለዕቃ ማስጫኛ ያሰቡትን ገንዘብ ለእነዚያ ሦስት አራት የደም ምርመራዎች ይላኩ። ፕሮላክቲኑ ጠዋት፣ ከእንቅልፏ ከተነሳች ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይታ፣ ሳትበሳጭ ይቀዳ። ውጤቱን ሲልኩልኝ ቁጥሩን ብቻ አይጻፉ፤ አጠገቡ ያለውን መለኪያ ጭምር ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ይላኩ፤ ስሟን ሸፍነው። አንዱ ላብራቶሪ በናኖግራም፣ ሌላው በሚሊዩኒት ይጽፈዋል፤ በሁለቱ መካከል ሃያ እጥፍ ገደማ ልዩነት አለ፤ 600 የሚል ወረቀት እንደ መለኪያው ወይ ብዙ የማያሰጋ ነው፣ ወይ የዚያኑ ቀን የአንጎል ኤምአርአይ የሚያሳዝዝ ነው።